ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ)፦ የቤተሰብን ቀለብ በመዝገብ ያሰፈሩ ኸሊፋ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሐይቅና አምባሰል ያደገ ልጅ ስለ ክፉ ቀን ሳይሰማ አያድግም። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅ ከተማን አቋርጦ በውጫሌ በኩል ያልፋል። በዚያ መንገድ በሄድን ቁጥር አያቴ ስለ 66ቱ ድርቅ አንድ ነገር ታነሳለች። ረኃቡ ሲጠና ሰዉ ከየገጠሩ እየወረደ መኪና መንገዱ ዳር ይቀመጥ ነበር፤ እህል የጫኑ መኪናዎች ደግሞ በፊቱ ያልፉ ነበር። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ግራ ይገባኝ ነበር። እህል ከሌለ መኪናው ምን ጫነ? እህል ካለስ ሰዉ ለምን ተራበ?

በ1965 እና በ1966 ወሎ ውስጥ የሆነውን ካጠኑት አንዱ ህንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው በዚያ ጊዜ የሀገሪቱ አጠቃላይ የእህል ምርት ሰው እንደሚያስበው አልወደቀም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ በረኃቡ ልክ አልናረም። የወሎ ገበሬ ሰብሉ ሲጠፋበት ያጣው የሚበላውን ብቻ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ የመጣውን የሚገዛበትንም አብሮ አጣ። እህል ደግሞ ገንዘብ ወዳለበት ይሄዳል። በረኃቡ መካከል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ሲደኸይ ሸማኔው፣ የእጅ ባለሙያው፣ የቤት ሠራተኛዋና የቀን ሠራተኛው ሥራ የሚሰጣቸው አጥተው ተከተሉት። የአያቴ መኪናዎች እንቆቅልሽ የተፈታልኝ ይህን ሳነብ ነው።

ግን ነገሩ ለእኔ አዲስ አልነበረም። በልጅነቴ መድረሳ ውስጥ ስለ አንድ ኸሊፋ የተማርኩት ታሪክ ይህንኑ ይናገር ነበር፤ ያኔ አላስተዋልኩትም እንጂ። ሁላችንም ዑመርን (ረ.ዐ) በፍትሐቸውና በጀግንነታቸው እናውቃቸዋለን። በዚህ እትም ሕይወታቸውን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ እንየው፦ ሠርቶ የሚያድር ቤተሰብ እንዴት እንዲኖር ፈለጉ? ለዚህስ ምን አደረጉ?

የግመል እረኛው

ዑመር የተወለዱት መካ ውስጥ፣ ከቁረይሽ ነገድ በበኑ ዐዲይ ጎሳ ነው። በታወቀው ዘገባ መሠረት ልደታቸው ከዝሆኑ ዓመት 13 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በኑ ዐዲይ በመካ ውስጥ በሀብትም በጉልበትም ከፊት የሚሰለፉ አልነበሩም። አባታቸው ኸጣብ ኃይለኛ ሰው ነበር። ዑመርን ከመካ ወጣ ብሎ ወዳለው ደጅናን ወደሚባል ስፍራ ግመል ጠባቂ አድርጎ ይልካቸው ነበር፤ ሲሠሩ ያደክማቸዋል፣ ሲያጠፉ ይመታቸዋል። ለእናታቸው እህቶችም ከብት ይጠብቁ ነበር። ክፍያቸው አንድ እፍኝ ዘቢብ ወይም ቴምር ነበር።

ይህን እፍኝ ዘቢብ አልረሱትም። ኸሊፋ ከሆኑ በኋላ አንድ ቀን ሰዉን መስጂድ ሰብስበው ሚንበር ላይ ወጡና ለአክስቶቻቸው በእፍኝ ዘቢብ ከብት ይጠብቁ እንደነበር ተናግረው ወረዱ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ራሳቸውን ከማዋረድ በቀር ምንም አላሉም ብለው ሲገረሙ፣ ዑመር ነፍሳቸው አንተ የምእመናን መሪ ነህ፣ ከአንተ ማን ይበልጣል ብላ ስለነገረቻቸው ማንነቷን ሊያስታውሷት መፈለጋቸውን ነገሯቸው።

ጎልማሳ ሲሆኑ ማንበብና መጻፍ ከሚችሉት ጥቂት የቁረይሽ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ይነግዱም ነበር። መጀመሪያ የእስልምና ብርቱ ጠላት ነበሩ፤ በነቢይነቱ 6ኛ ዓመት ገደማ፣ ዕድሜያቸው ወደ 27 ሲጠጋ፣ በእህታቸው በፋጢማ ቤት የጣሃ ምዕራፍ ሲነበብ ልባቸው ተሸነፈ። ይህን ታሪክ ሁላችንም ስለምናውቀው አልፈዋለሁ።

ሥራና ዒልም በፈረቃ

መዲና ከገቡ በኋላ ያለው የኑሯቸው ሁኔታ ለእኛ ለተማሪዎች ቅርብ ነው። የሚኖሩት ከመስጂዱ ራቅ ባለ የከተማዋ ላይኛ ክፍል ነበር። መተዳደሪያቸውን መሥራት ነበረባቸው፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ደግሞ በየዕለቱ አዲስ ነገር ይወርዳል። ስለዚህ ከአንሷር ጎረቤታቸው ጋር ተስማሙ። አንድ ቀን ዑመር ወደ ነቢዩ ወርደው የሰሙትን ለጎረቤታቸው ያመጣሉ፤ በማግስቱ ጎረቤታቸው ይወርዳል፣ ዑመር ይሠራሉ። ይህ በቡኻሪ የተዘገበ ነው።

ያም ሆኖ ያመለጣቸው ነገር ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰው ቤት ለመግባት ሦስት ጊዜ ፈቃድ ስለመጠየቅ የሚናገረውን ሐዲስ ከአቡ ሙሳ (ረ.ዐ) ሲሰሙ፣ ሐዲሱ እውነት መሆኑ ከተረጋገጠላቸው በኋላ የገበያ ንግድ ከእንዲህ ያለው ዒልም እንዳዘናጋቸው በግልጽ አመኑ። እንጀራ የሚያሯሩጠው ሰው ስንት ነገር እንደሚያመልጠው ዑመር ከራሳቸው ሕይወት ያውቁት ነበር።

ከኸይበር መሬት ሲደርሳቸውም ከዚያ የተሻለ ንብረት አግኝተው አያውቁም ነበር። ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አማከሩ። በምክራቸውም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ አድርገው ወቅፍ አደረጉት። ፍሬው ለድሆች፣ ለዘመዶች፣ ባሪያዎችን ነፃ ለማውጣት፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ ሆነ፤ የሚያስተዳድረው ሰውም በአግባቡ ከርሱ እንዲበላ ተፈቀደለት። በእስልምና ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ወቅፎች አንዱ ይህ ነው። አንድ ጊዜ የሚሰጥ ምጽዋት ያልቃል፤ ይህ ግን በየዓመቱ የሚያፈራ ነበር።

መሪ በምን ይኑር? መሬቱስ የማን ነው?

አቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ በሆኑ ማግስት ጨርቅ ተሸክመው ገበያ ሲወጡ መንገድ ላይ ያገኟቸው ዑመር ነበሩ። የሙስሊሞች ጉዳይ በእጃቸው ሆኖ ገበያ ሊውሉ እንደማይችሉ ነገሯቸው፤ አቡበክርም ቤተሰቤን በምን ላብላ አሉ። በዚህ ምክንያት ለኸሊፋው ከበይተል ማል ቤተሰባቸውን የሚያኖር ቀለብ ተቆረጠላቸው።

በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ በ634፣ ተራው የዑመር ሆነ። እርሳቸውም ለጊዜው ምንም ሳይወስዱ ቆዩና ሲቸገሩ ሰሐቦችን አማከሩ። የተቀበሉት የዐሊይን (ረ.ዐ) ሐሳብ ነው፦ ምሳና እራታቸውን የሚችል ያህል ብቻ። ለራሳቸው ከሕዝብ ገንዘብ የፈቀዱት የክረምትና የበጋ ልብስ፣ ሐጅና ዑምራ የሚያደርሳቸው መጓጓዣ፣ እንዲሁም ሀብታም ያልሆነ ድሃም ያልሆነ አንድ የቁረይሽ ሰው ቤተሰቡን የሚያበላበት ቀለብ ነው። በበይተል ማል ላይ ያላቸውን ቦታ የየቲም ንብረት እንደሚጠብቅ ሰው አዩት፤ ከበቃው የማይነካ፣ ከቸገረው በአግባቡ የሚበላ።

ዒራቅ በተከፈተ ጊዜ ደግሞ ትልቅ ጥያቄ መጣ። ሠራዊቱ ለም የሆነው የሰዋድ መሬት እንደ ምርኮ እንዲከፋፈል ፈለገ። ቢላል (ረ.ዐ) በዚህ አጥብቀው ከተከራከሩት አንዱ ነበሩ። ዑመር ግን መሬቱ ዛሬ ላሉት ከተከፋፈለ ነገ ለሚመጡት ምን ይተርፋል ብለው አሰቡ። ከብዙ ምክክር በኋላ፣ በሐሽር ምዕራፍ ውስጥ ከእነርሱ በኋላ ስለሚመጡት የሚናገሩትን አንቀጾች ማስረጃ አድርገው፣ መሬቱ በሚያርሱት ገበሬዎች እጅ እንዲቆይ፣ እነርሱም ኸራጅ እንዲከፍሉ ወሰኑ። ዑስማን ኢብኑ ሑነይፍና ሑዘይፋ (ረ.ዐ) መሬቱን እንዲለኩና ግብር እንዲተምኑ ተላኩ። ሲመለሱ ዑመር መሬቱ የማይችለውን ጭናችሁበት እንዳይሆን ብለው ደጋግመው ጠየቋቸው። ይህን የጠየቁት ከመገደላቸው ጥቂት ቀናት በፊት ነው።

የአመዱ ዓመት

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በሒጃዝ ዝናብ ጠፋ። ምድሩ ተቃጥሎ አመድ ስለመሰለ ያ ዓመት ዓሙ ረማዳ፣ የአመዱ ዓመት ተባለ። ከየበረሃው ያለው አርብቶ አደር ከብቱ አልቆበት ወደ መዲና ጎረፈና በከተማዋ ዙሪያ ሰፈረ። የእኛ ሰው መንገድ ዳር እንደተቀመጠው ማለት ነው።

ዑመር መጀመሪያ ያደረጉት ረኃቡን ወደ ራሳቸው ቤት ማስገባት ነበር። ሰው ሁሉ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ እንደማይቀምሱ ማሉ። አገልጋያቸው ገበያ ላይ በ40 ዲርሀም ቅቤና ወተት ገዝቶ ሲያመጣላቸው ለድሆች እንዲሰጥ አዘዙ፤ ሰዉን የነካው እርሳቸውን ካልነካቸው የሰዉ ነገር እንዴት ሊገዳቸው እንደሚችል ጠየቁ። ከልጆቻቸው አንዱ ሐብሐብ ይዞ ቢያዩት የነቢዩ ሕዝብ ተርቦ አንተ ፍራፍሬ ትበላለህ ብለው ተቆጡት። ዘይት ብቻ ሲበሉ ሆዳቸው ይጮህ ነበር፤ ቀይ የነበረው መልካቸው ጠቆረ። ሰዎች ድርቁ ቶሎ ባያበቃ ዑመር በሐሳብ ይሞታሉ ብለው ፈርተው ነበር።

ይሁን እንጂ አብሮ መራብ ብቻውን ማንንም አያጠግብም። ወደ ሻምና ወደ ዒራቅ አገረ ገዥዎች ደብዳቤ ጻፉ። ቀድመው የደረሱት አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ናቸው፤ 4,000 ግመል እህል ጭነው መጡ። ልብ በሉ፤ በእኛ ዘመን እህሉ ከተራበው አገር ወደ ጠገበው ሲጓዝ፣ በዑመር ዘመን ከጠገበው ወደ ተራበው እንዲዞር የተደረገው በትእዛዝ ነው። ዑመር ገበያው ራሱ እስኪያመጣው አልጠበቁም።

ሌላው ቆጠራ ነው። በኢብኑ ሰዕድ ዘገባ ዑመር አንድ ምሽት በማዕዳቸው የሚበላውን ሰው አስቆጠሩ፤ 7,000 ሆነ። ቀጥለው ወደ ማዕዱ መምጣት የማይችሉትን፣ ሕሙማንን፣ ሕፃናትንና ሴቶችን አስቆጠሩ፤ 40,000 ሆኑ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ሲቆጠር የመጡት 10,000፣ ያልመጡት 50,000 ደረሱ። ለማይመጡት ባሉበት ይላክላቸው ነበር። ምግብ ፍለጋ ደጅ የሚመጣውን ማንም ያየዋል፤ ዑመር ግን ያልመጣውን ፈልገው ቆጠሩ።

በዚያ ዓመት ዘካ ሰብሳቢዎችን አላሰማሩም። ዝናብ ከጣለ በኋላ የሁለቱን ዓመት በአንድነት አስሰብስበው ግማሹ እዚያው ለድሆች እንዲከፋፈል አዘዙ። በረኃብ ዓመት በስርቆት እጅ እንዳይቆረጥም ከለከሉ። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ፍርድ በሙወጦእ ተመዝግቧል። የሓጢብ አገልጋዮች የሰው ግመል ሰርቀው አርደው በሉ። ዑመር አገልጋዮቹ የተራቡት አሳዳሪያቸው ስላላበላቸው መሆኑን ሲረዱ ቅጣቱን ከእነርሱ አንስተው ወደ አሳዳሪው አዞሩት፤ 400 ዲርሀም ለሚያወጣው ግመል 800 እንዲከፍል ፈረዱበት። ሠራተኛን አሠርቶ ማስራብ በዑመር ችሎት ወንጀል ነበር።

በመጨረሻም ሰዉን ይዘው ለዝናብ ሶላት ወጡ፤ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ዐባስንም (ረ.ዐ) ዱዓ እንዲያደርጉ ጠየቁ። ዝናቡ ወረደ። ዑመር የተሰደዱትን ቤተሰቦች ስንቅና መጓጓዣ ሰጥተው ወደየቀያቸው ሲሸኙ ራሳቸው ቆመው ያዩ ነበር።

ዲዋን፦ የቀለብ መዝገብ

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከባሕረይን 500,000 ዲርሀም ይዘው ሲመጡ ዑመር ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው፤ የምትለውን ታውቃለህ እያሉ ደጋግመው ጠየቁ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ለማን ይሰጥ? እንዴት? በሻም መንግሥታት መዝገብ እንደሚይዙ ያዩ ሰዎች ሐሳቡን አቀረቡ። በብዙዎቹ ዘገባ በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ዲዋን ተቋቋመ። ዐቂል ኢብኑ አቢ ጧሊብ፣ መኽረማ ኢብኑ ነውፈልና ጁበይር ኢብኑ ሙጥዒም ጸሐፊዎች ሆኑ።

ጸሐፊዎቹ የዑመርን ጎሳ ወደ ፊት ሊያመጡ ሲሉ ዑመር ከለከሉ፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰብ ጀምረው በቅርበት እንዲወርዱና በኑ ዐዲይን በተራው ቦታ እንዲያስቀምጡ አዘዙ። ጎሳቸው ቢያጉረመርምም አልሰሙም። ለገዛ ልጃቸው ለዐብደላህ የቆረጡት ነፃ ለወጣው ባሪያ ልጅ ለኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ከቆረጡት ያነሰ ነበር፤ ነቢዩ ኡሳማን ከአንተ፣ አባቱንም ከአባትህ ይበልጥ ይወዱ ነበር የሚል ምክንያት ሰጡት።

እንደ ምህንድስና ተማሪ ግን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የእህሉን ቀለብ የተመኑበት መንገድ ነው። ዑመር አንድ ሰው በወር ምን ያህል እህል ይበቃዋል የሚለውን በግምት አልወሰኑም። አንድ ጀሪብ ዱቄት አስቦክተው አስጋገሩና በዘይት አስፈትፍተው 30 ሰው ለምሳ ጠሩ፤ ጠገቡ። ለእራትም እንዲሁ በሌላ ጀሪብ ሠላሳ ሰው አበሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሁለት ጀሪብ 30 ሰውን አንድ ቀን ምሳና እራት ካበላ፣ አንድ ሰውን 30 ቀን ያበላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በወር ሁለት ጀሪብ ተቆረጠ። ለወንድ፣ ለሴት፣ ለባሪያም ሳይቀር። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራው ሙከራ ከዚህ በምን ይለያል? ልዩነቱ የዑመር ሙከራ የሚለካው የሰው ጥጋብ መሆኑ ነው።

ዑመር መዝገባቸው ስህተት ሲገኝበት ያርሙትም ነበር። መጀመሪያ ላይ ለሕፃናት የሚቆረጠው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ነጋዴዎች ከከተማው ዳር ሰፍረው ዑመርና ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ሲጠብቋቸው የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ዑመር ሄደው እናቱን ልጅሽን አስተኚው አሏት። ለቅሶው ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ምክንያቱን ጠየቁ። ሴትዮዋ ማን መሆናቸውን አላወቀችም፤ ዑመር ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሚቆርጥ ልጇን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው እንደሆነ ነገረቻቸው። ልጁ ገና የወራት ዕድሜ ነበረው። በዚያ ሱብሒ ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ቂርአታቸው አይለይም ነበር። ስንት የሙስሊም ልጅ ገድያለሁ ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። ወዲያው ማንም ልጁን ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩል፣ ለሚወለድ ልጅ ሁሉ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንደሚቆረጥለት አስለፈፉ፤ ወደየአገሩም ጻፉ። ለሕፃኑ 100 ዲርሀም ነበር፣ ሲያድግም ይጨመርለት ነበር።

ድንጋይ ቀቅላ ልጆቿን ስላታለለችው እናትና ዑመር ዱቄቱን በጀርባቸው ተሸክመው ስለሄዱበት ሌሊት በየኹጥባው እንሰማለን። እኔ ግን የሕፃኑ ታሪክ ይበልጥብኛል። በዱቄቱ ሌሊት አንዲት ቤት ጠገበች፤ በሕፃኑ ሌሊት ሕግ ተቀየረ።

ከመዝገቡ የወጡትንም አልረሱም። ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ አይሁዳዊ ሲለምን አግኝተው ቤታቸው ወስደው ያላቸውን ሰጡት፤ ከበይተል ማል እንዲቆረጥለትና ጂዝያውም እንዲነሳለት አዘዙ። በጉልበቱ ዘመን ከእርሱ ወስደው በእርጅናው መጣል ፍትሕ እንዳልሆነ አስረዱ። መሥራት የሚችል ሰው በተወኩል ስም መስጂድ ተቀምጦ ሲያገኙ ግን ሰማይ ወርቅ እንደማያዘንብ ነግረው ወደ ሥራው ይሰዱት ነበር።

ሳይጨርሱት ሄዱ

የዑመር መዝገብ ፍጹም አልነበረም፤ ይህን ቀድመው ያወቁት ራሳቸው ናቸው። አቡበክር ሲያከፋፍሉ ለሁሉም እኩል ይሰጡ ነበር። ዑመር ግን በእስልምና የቀደሙትን አስቀደሙ፤ በበድር ለዋሉት 5,000 ዲርሀም፣ ለእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) 12,000፣ ለሌላው ከዚያ በታች ቆረጡ። በመጨረሻው ዘመናቸው ልዩነቱ እንደሰፋ አይተው፣ ዕድሜ ካገኙ የኋለኛውን ከፊተኛው ጋር እንደሚያስተካክሉ ተናገሩ። የሶንዓ ተራራ ላይ ያለ እረኛ ከብቱን እየጠበቀ ሳለ፣ ፊቱ ሳይቀላ ድርሻው ባለበት እንዲደርሰው ይመኙ ነበር። ሊገደሉ አራት ቀን ሲቀራቸው ደግሞ አላህ ካቆያቸው የዒራቅን ባል አልባ ሴቶች ከእርሳቸው በኋላ የማንንም ወንድ እጅ የማያዩ አድርገው እንደሚተዉ ተናግረው ነበር።

አልቆዩም። አቡ ሉእሉአ የሚባል የሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ ባሪያ በየቀኑ ለጌታው የሚከፍለው በዛብኝ ብሎ ከስሷቸው ነበር። አናጺነትን፣ ቀጥቃጭነትንና ሥዕልን ያውቅ ስለነበር ዑመር የተጠየቀው ከሙያው አንጻር እንዳልበዛ ነገሩት። ሰውየው ቂም ያዘ። በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ በዙልሒጃ ወር፣ እ.ኤ.አ በ644፣ ሱብሒ ሶላት ላይ በሁለት ስለት ጩቤ ወጋቸው።

በሞት አፋፍ ሆነው ያሰቡት ዕዳቸውን ነው። ሲታሰብ ወደ 86,000 ዲርሀም ሆነ። ልጃቸው ዐብደላህ ከቤተሰቡ ንብረት እንዲከፍል፣ ካልበቃም ከጎሳቸው፣ ከዚያም ከቁረይሽ እንዲጠይቅ፣ ከዚያ እንዳያልፍ አዘዙት። የፋርስና የሻም ሀብት በእጃቸው ያለፈ ሰው ባለ ዕዳ ሆነው ሞቱ። ከዓኢሻ ፈቃድ ተጠይቆ ከነቢዩና ከአቡበክር ጎን ተቀበሩ።

ከእኛስ?

ወደ አያቴ መንገድ ልመለስ። በ1965 የወሎን ረኃብ ለዋና ከተማው ካሳወቁት መካከል የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ፤ ያዩትን በፎቶ ይዘው መጥተው በግቢያቸው አሳዩ። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም የታየው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በጥቅምት 1973 ነው። ስለዚህ ተማሪ ምን አቅም አለው የሚለው ንግግር እኛ ወሎዬዎች ዘንድ አይሠራም። ተማሪ ቢያንስ ዓይንና ብዕር አለው።

ከመካከላችን ወላጆቹ በሬ ሸጠው ያስመዘገቡት አለ። እህቱ ዐረብ አገር የሰው ቤት ጠርጋ የምትልክለት አለ። ዛሬም በወሎ ብዙ ወረዳዎች ገጠሩ ሴፍቲኔት ሲመዘገብ ስሙ የገባና ያልገባ ቤተሰብ ኑሮው እንደሚለያይ የምናውቅ ነን። መዝገብ ማለት ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ያልተጻፈ ሰው አይታይም። እንግዲህ ከዑመር ሕይወት ለጀመዓችን የሚሆኑ ጥቂት ነገሮችን ልጠቁም።

1. ያልመጣውን እንቁጠር። ለኢፍጣርና ለዒድ የምናዋጣው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለሚጠይቀውና ለሚታወቀው ነው። የሚያፍረው፣ ምሳ ሰዓት ላይብረሪ የሚቀመጠው ወንድም አይመጣም። ዑመር ያልመጡትን ለይተው ነው ያስቆጠሩት።

2. ቀለብን በግምት ሳይሆን በልክ እንስጥ። አንድ ተማሪ በወር ለሳሙና፣ ለፎቶ ኮፒና ለትራንስፖርት ምን ያህል ያስፈልገዋል? አስልተን ካወቅን መዋጮአችንም ልክ ይኖረዋል።

3. የሚሠሩልንን ሰዎች መብት እንጠብቅ። ልብሳችንን የምታጥበዋን እናት፣ እንጀራ የምታቀርብልንን፣ የምንበላበትን ትንሽ ቤት ሠራተኛ ሒሳብ አናዘግይ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዘዋል።

4. ስህተታችንን እናርም። ዑመር የአንዲት እናት ወቀሳ ሰምተው በማለዳ ሕግ ቀየሩ። የጀመዓ ኃላፊ የሆንን ሁሉ ወቀሳ ሲመጣብን መጀመሪያ ራሳችንን እንከላከላለን ወይስ እንመረምራለን?

5. ነገ የምንይዘውን ሥራ አሁን እንነይት። ከእኛ መካከል መንገድ የሚቀይስ፣ በጀት የሚይዝ፣ ወረዳ የሚያስተዳድር ይወጣል ኢንሻአላህ። ያን ቀን የአምባሰል ተራራ ላይ ያለው እረኛ ድርሻው ባለበት፣ ፊቱ ሳይቀላ እንዲደርሰው የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል።

አያቴ ስለ መኪናዎቹ ስታወራ ሁልጊዜ የምትጨርሰው በዱዓ ነው። እኔም በእርሷ ዱዓ ልጨርስ። ያ ረብ! ያንን ቀን አትመልስብን፤ እንጀራችንን ሐላል፣ እጃችንን ሰጪ አድርገው፤ በመንገድ ዳር ተቀምጠው የቀሩትን ሁሉ ማራቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።